ፍየሏ ትናገር

እናቴ ድምጿን ያጣችው ፍየል ሆና ስለተጫወተች ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ አምን ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጎረቤታችን የነበሩት ባልቴት የሚንተባተብ ሰው እያስመሰልኩ ሳወራ ከሰሙኝ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ይጋባብሻል!» ይሉኛል። ዓይኔን ሳንሸዋርር ደግሞ ንፋስ ቢመታኝ እንደዚያው ሆኜ እንደምቀር ነግረውኛል። እናቴ ያን ሰሞን ከእህቴ ጋር ብርድ ልብስ ተከናንባ እንደ ፍየል ስታወራ ከረመች። ከዚያ በኋላ ድምጿ አልተመለሰም። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች?

የእናቴ ድምጽ ደግሞ እንደማንም ሰው ድምጽ አልነበረም። በመናኸሪያው ድምጽ ማጉያ ተነሺ መኪኖችን የምትጠራው እሷ ነበረች። ከትኬት መቁረጫው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አቧራ በጋረደው መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ትውላለች። የማይክራፎኑ ስፖንጅ ተበልቶ ስላለቀ የእኔን የሕፃንነት ካልሲ አልብሳው ነበር። ዕቃው የጠፋበት፣ ልጁ የጠፋበት፣ መኪናው ያመለጠው፣ ሁሉም የሚሰማው እሷን ነው። ገበያ ወጥታ የቲማቲም ዋጋ ስትጠይቅ ሰዎች ደንግጠው ዘወር ይሉና «ውይ! መኪናው ወጣ እንዴ?» ይሏታል። እሷም «የለም፣ ገና ነው፤ ረጋ ብለው ይግዙ» ብላ በዚያው ድምጽ ትመልስላቸዋለች።

አባቴ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነበር። ፊቷን ከማየቱ በፊት ድምጿን እንደወደደ አይደብቅም። «የመኪናዬን ቁጥር ስትጠራ እኔን የጠራችኝ እየመሰለኝ ‹አቤት› ልል ምንም አይቀረኝም ነበር» ይላል። መንገድ ከርሞ ሲገባ ምሳ ከመቅመሱ በፊት መኪናውን ያስጠራታል። እሷም የወጥ ማንኪያ እንደ ማይክራፎን ይዛ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ተሳፋሪዎች ሆይ» ብላ ትጠራለታለች። እሱም ከወንበሩ ብድግ ብሎ «አቤት!» ይላል። በቤታችን ደስታ እንደነበረ ትዝ የሚለኝ በዚህ ነው።

እህቴ በዕድሜ ከእኔ በብዙ ትበልጣለች፤ በመሃላችን የተወለዱት አላደጉም። የሥዕል ኮሌጅ ገብታ አኒሜሽን ትማር ነበር። የሥራ ጠረጴዛዋን የሠራችው ራሷ ናት፦ የቁም ሣጥኑን መሳቢያ አወጣችና ውስጡ አምፖል ሰካች፤ ከላይ ደግሞ የመኝታ ቤቱን የመስኮት መስታወት ነቅላ ከደነችው። አምፖሉ ሲበራ የታችኛው ወረቀት ሥዕል በላይኛው ወረቀት ላይ ይታያል፤ እሷም ትንሽ ትንሽ እያዛወረች ደግማ ትስለዋለች። እንዲህ የተሳሉ ብዙ ወረቀቶች በፍጥነት ሲገላበጡ ሥዕሉ ይራመዳል። መስኮታችን በካርቶን ተሸፈነ። አባቴ «የሰው ልጅ ተምሮ ለአባቱ ቤት ይሠራል፤ የእኔዋ ቤቱን እያፈረሰች ትማራለች» ብሎ ቀለደ። ተቆጥቶ አልነበረም። ያኔ ገና አይቆጣም ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ላይ መምህራቸው ለመመረቂያ ሥራ ከድሮ ተረቶች አንድ እንዲመርጡና ወደ አኒሜሽን እንዲለውጡት አዘዛቸው። ተረቱ አጭር፣ ምክር ያለው፣ ልጅ የሚገባው መሆን አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የገባ ሰው ተረት ሳያወራ አይወጣም። ባልቴቷ የእንስሳቱን ጉባኤ ይዘው መጡ፤ አንበሳ ሰብሳቢ፣ ቀበሮ ጸሐፊ የሆነችበትን።

«እትዬ፣ ጉባኤው ላይ ስንት እንስሳ አለ?» አለች እህቴ።

«ሁሉም ነዋ! ጉባኤ አይደል እንዴ?»

«ሁሉም አራት አራት እግር አላቸው እኮ። እያንዳንዷን እግር ለየብቻ ነው የምስለው።»

«ታዲያ አራት እግር የሰጣቸው ፈጣሪ ነው፤ እኔ ምን ላድርግሽ?» ብለው ተቀይመው ሻያቸውን ጠጡ።

አባቴ ወንዝ ሊሻገር ስለወጣ እባብ ተረት ነገራት። ውሃ መሳል ያስቸግራል ብላ ተወችው። እኔ ጦጣ እንድትሠራ ለመንኳት። «የጦጣ ምኑን?» ብትለኝ «ተረት የለውም፤ ጦጣ ብቻ» አልኳት። ጦጣ ማስመሰል የምችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ ድምጹን ለእኔ እንደምትሰጠኝ አስቤ ነው። በስተመጨረሻ ኤሊዋን መረጠች። ኤሊ እግሯን ትሸሽጋለች፣ ትንሽ ትናገራለች፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ አንድ ወረቀት ላይ ብዙ ትቆያለች። መምህሩም ደስ አለው። ነገሩ አለቀ ብለን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት እናቴና አክስቴ አብረው ገቡ። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነች። ጠዋት ሲወጡ ጫማ ሊገዙ ነው ብለውኝ ነበር፣ ሲመለሱ ግን ጫማ አልያዙም። «የት አለ?» ብላቸው አክስቴ «በልኳ አጣን» አለችኝ። ከዚያም እህቴን ወደ ጓዳ ጠራቻትና በሩን ዘጋችው። እኔ ስለ ጫማው እያዘንኩ እናቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ። የእናቴ ድምጽ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት መሻከር ጀምሮ ነበር፤ ጉንፋን ነው ይባላል፣ ዝንጅብል ትጠጣለች። ዛሬ ሳስበው የዚያን ቀን ጫማ የሚባል ነገር በማንም ልብ ውስጥ አልነበረም።

እህቴ ከጓዳ ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር። እናቴ ቀና ብላ አየቻትና «ኤሊዋን ተያት። የነብሩን ሥሪ» አለቻት።

«የቱን ነብር?»

«አባቴ ያጫውተን የነበረውን።» ከዚያ በዚያ በሻከረ ድምጽ ነገረችን። የነብር ልጅ ከጎሬው ርቆ ሄደ። ዝሆን ሳያየው ረገጠውና ሞተ። ለአባትየው መርዶ ነጋሪዎች መጡ። «ልጅህ ሞተ» አሉት። «ማን ገደለው?» አለ። «ዝሆን» አሉት። ነብሩ ዝም አለ። ቆይቶ «አይደለም፤ ዝሆን አይደለም፤ ፍየሎቹ ናቸው» አለ። «ኧረ ዝሆኑ ነው፣ በዓይናችን አይተናል!» አሉት። «አይ! ፍየሎቹ ናቸው፤ ልጄን የገደሉት ፍየሎቹ ናቸው!» ብሎ መስኩ ላይ ወረደና ፍየሎቹን ፈጃቸው።

እኔ «ፍየሎቹስ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «እውነትሽን ነው» አለች። «ምን አሉ?»

«ምንም አይሉም» አለች እህቴ። «ተረቱ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። ደግሞ ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም ያለው ያልታረደ ነው! ፍየሎቹ እንዴት አንድ ነገር ሳይሉ ይሞታሉ? ተረቱን ያወራው ነብሩ ራሱ ነው መሰለኝ። አንዷ ፍየል ትናገር። እኔ እሆንልሻለሁ። ይኸው ድምጼም ፍየል ፍየል ብሏል።»

ሳቅን። አክስቴም ጓዳ በር ላይ ቆማ ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ እንደከተተች ግን አስታውሳለሁ። እህቴ አላመነችም፤ ወይም ማመን አልፈለገችም። «እማዬ፣ ነብር እኮ ነጥብ አለው። እያንዳንዱን ነጥብ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ! የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጣል? ኤሊዬ ትሻለኛለች።»

«ነጥቡን እኔ እሠራልሻለሁ» አለች እናቴ። «ቁጭ ብዬ ለምውለው።»

መናኸሪያ የምትውል ሴት ለምን «ቁጭ ብዬ ለምውለው» እንዳለች አልጠየቅኩም። ልጅ እንዲህ ያለውን አይሰማም። እህቴ ግን ሰምታለች። ትኩር ብላ አየቻትና «እሺ፤ ድምጹን ግን ዛሬውኑ እንቀዳለን» አለች። እኔ «ሥዕሉ ሳይሠራ?» ብዬ ተከራከርኩ። ሥዕል ከሌለ ፍየሏ የት ሆና ትናገራለች? እህቴ እጄን ይዛ አስረዳችኝ። አኒሜሽን ውስጥ መጀመሪያ የሚቀዳው ድምጹ ነው፤ አፍ የሚሳለው ድምጹ እየተሰማ ነው። «ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ድምጽ ግን መቅደም አለበት» አለችኝ። እሷ የነገረችኝ የሥራውን ደንብ ነው፤ ለዚያ ቀን ጥድፊያዋም ከዚያ የተሻለ ሰበብ አልነበራትም።

የሁለቱን ወንበሮች መደገፊያ አገጣጥማ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ደረበችበት። ከውስጥ የአባቴን ካፖርትና ትራሶቻችንን ደረደረች፣ ድምጽ እንዳያስተጋባ። ሁለቱ እየተሳሳቁ እንደ ሕፃን በአራት እግራቸው ገቡ። እኔ በር ጠባቂ ተደረግኩ። ጦጣዬ ቀርታ በር ጠባቂ መሆኔ አንገብግቦኝ ነበር፣ ቢሆንም ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። እናቴ ያንኑ አንድ ቃል ትደጋግማለች። «እኔ እንዳልሆንኩ አንተም ታውቃለህ።» እህቴ «አሁን እየፈራሽ በይው» ትላታለች። «አሁን ሳትፈሪ።» «አሁን እንደ ደከመሽ ሆነሽ።» እናቴ ሁሉንም አለችው። ከዚያ ድምጻቸው ዝቅ አለና ያልሰማሁትን ብዙ ነገር ተነጋገሩ፤ ቀጥሎ ሳቅ የመሰለኝ ነገር መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ የፍየል ጩኸት የመሰለኝ። ሲወጡ የሁለቱም ፊት ረጥቧል። «ምን ሆናችሁ?» ስላቸው እህቴ «ሙቀቱ ነው» አለችኝ። ብርድ ልብሱ ወፍራም ስለነበር አመንኳት።

ይህንኑ ለቀናት ደጋገሙት። በእያንዳንዱ ቀን የእናቴ ድምጽ ይበልጥ ወደ ፍየል ተጠጋ። በመጨረሻ ከብርድ ልብሱ ውጭም፣ ውሃ ስትጠይቀኝም፣ ስትቆጣኝም ያው ፍየሏ ሆነች። ያኔ ፈራሁ። «እማዬ በቃ ተይው፣ ይጋባብሻል» አልኳት። ፀጉሬን ዳበሰችኝና «ተጋብቶብኛል መሰለኝ» አለች፤ ሹክሹክታ ነበር።

መናኸሪያው ሌላ ወጣት ሴት ቀጠረ። እናቴ ካልሲዋን ከማይክራፎኑ ላይ አውልቃ ቤት ይዛ መጣች፤ አጥባ ሰጣችው። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ ሁለት ቀን ቤት ውሎ ከእናቴና ከአክስቴ ጋር ወጡ ገቡ። እኔን የትም አልወሰዱኝም። ከዚያ እንደገና ሥራ ገባ። ሲነሳም ሲደርስም መኪናውን የምትጠራው ያቺ አዲሷ ሴት ናት። ጥሩ ድምጽ አላት ይሉ ነበር ሰዎች። አባቴ ስለ ድምጿ ምንም አላለም፤ ሞተር አስነስቶ ሆን ብሎ ጥሩንባ ይነፋባታል ብሎ ግን ረዳቱ ለጎረቤት ተናግሯል።

የሆነው ሲሆን እህቴ መብራቱ ላይ አጎንብሳ የፍየሏን አፍ እየሳለች ነበር። ድምጹን ከፍታ አንድ ቃል ትሰማለች፣ ታቆማለች፣ ትስላለች፤ እንደገና ትከፍታለች። «እኔ እንዳልሆንኩ።» ታቆማለች። «አንተም።» ታቆማለች። አባቴ ሳይጠበቅ በቀን ገባ። የመኪናው ቁልፍ እጁ ላይ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ የሚስቱን ድምጽ ሰማ። እናቴ ጓዳ ነበረችና ከጓዳ የመጣ መስሎት ፊቱ በራ፤ ይህን አይቻለሁ። ከዚያ ድምጹ ከማጫወቻው እንደሆነ ገባው።

«አንቺ ነሽ!» አለ። ድምጹ ቀስ ያለ ነበር። «እኔ መንገድ ላይ ስንገላታ አንቺ እዚህ አስቀምጠሽ ታስጮሂያታለሽ። ጉሮሮዋን የበጠስሽው አንቺ ነሽ!»

እህቴ ተነሳች። «አባዬ—»

«ፍየል! ሰው እናቱን ፍየል ያደርጋል?» ብሎ መሳቢያውን በእርግጫ መታው። መስታወቱ ተሰበረ፣ አምፖሉ ፈነዳ፣ ወረቀቶቹ ወለሉን ሞሉት። እናቴ እየሮጠች መጣች። አፏን ከፈተች፤ የአንገቷ ሥሮች ተገታተሩ፤ የወጣ ነገር ግን የለም። ተመልሳ የድስት ክዳንና ጭልፋ አመጣችና መታችው፣ መታችው፣ መታችው፤ አባቴ አልዞረም። «ውጪልኝ! ከዚህ ቤት ውጪ!» ይላል።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ያሉትን እኮ አንተም...» አለች እህቴ። ያኔ እናቴ ክዳኑን ጣለችው። ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ እህቴ፣ ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እህቴ አፏን ዘጋች። ተንበርክካ ወረቀቶቿን ከመስታወቱ ስብርባሪ ውስጥ ለቀመች፤ ጣቷ ደምቶ አንዱ ፍየል ላይ ተንጠባጠበ። አቅፋቸው ወጣች።

እኔ ለአባቴ ፈረድኩ። እውነቱን ነው፣ አልኩ በልቤ፤ እኔም አይቻለሁ፣ በሩን ስጠብቅ ነበር። በሩ ሲዘጋ ትንሽ ደስ ብሎኛል። የእህቴን አፍ ያስዘጋው የእኔ እዚያ መቆም መሆኑን ማን ይነግረኛል? እናቴ ሆስፒታል እስክትገባ ድረስ እኔ፣ ትንሿ፣ እንዳልሰማ ሁሉም ተማምለው ነበር። እንደ ወጉ ልጅን ከመርዶ ይጠብቃሉ፤ የሚጠብቁበትን ዋጋ የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

እናቴ ሆስፒታል ገብታ ጉሮሮዋን ተቀደደች። ስትመለስ አንገቷ ላይ ሻሽ ነበር፣ ከሻሹ ሥር የምትተነፍስበት ቀዳዳ። ባልቴቷ መጥተው አለቀሱ፤ እሷ ራሷ ጀርባቸውን እየመታች አጽናናቻቸው። እኔን ስትፈልግ በጣቷ ጠረጴዛ ትቆረቁራለች። እንደ ወተት ጥርስ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ድምጽ ይወድቃል፣ ከዚያ ሌላ ይበቅላል። በየጠዋቱ አፏን እያየሁ ጠበቅኩ።

አባቴ መንገድ ሲወጣ አክስቴ የልብስ ጨርቅ በምትይዝበት ከረጢት የእህቴን ወረቀቶች ይዛ ትመጣለች። ነጥብ ያልተደረገላቸው ነብሮች ነበሩ፤ ድመት ነው የሚመስሉት። እናቴ አልጋዋ ላይ ትደገፍና በጥቁር ቀለም ነጥብ ታደርግላቸዋለች። በመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ላይ ነጥቦቹ ክብና ደማቅ ናቸው። እየቆየ እጇ ከሳ፣ ብዕሩ ከበዳት፣ ነጥቦቹም አነሱ፤ አንዳንዱ ተጎትቶ መስመር ሆነ። አክስቴ «እንድታስተካክለው ልንገራት?» ስትላት እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አባቴ ሲመጣ ከረጢቱ አልጋው ሥር ይገባል። አንድ ቀን ጣቶቿን አያቸው፤ በቀለም ጠቁረዋል። አየና ውሃ አሙቆ አመጣላት። አንድ በአንድ አጠበላት፤ ምንም አልጠየቃትም።

የፊልሙ መታያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቴ አልሄድም አለ። እናቴ ደህና ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስተካክላ በሩ ላይ ቆመች። ወንበር ብናመጣላትም አልተቀመጠችም። እንደዚያ የከሳች ሴት ቆማ ማየት ስላልቻለ አባቴ ካፖርቱን አነሳ። የኮሌጁ አዳራሽ የተማሪ ወላጅ ሞልቶታል። እህቴ ከፊት፣ ከመምህሩ ጎን ነበረች። ዞር ብላ አየችን። አልተነሳችም።

መብራቱ ሲጠፋ የእናቴን እጅ ያዝኩ። ነብሩ መጣ። ነጥቦቹ ሲራመድ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቆሞም ይንቀጠቀጣሉ፤ አንድም የማይንቀጠቀጥ ነጥብ የለውም። መምህሩ ኋላ ላይ ይህን «የፍርሃት አሳሳል» ብሎ አመስግኖታል አሉ። ዝሆኑ ትልቅ ጥላ ብቻ ነበር፤ ፊት የለውም፣ ማየትም አያይም፤ አልፎ ሄደ። ነብሩ ዝም አለ። ከዚያ ወደ መስኩ ወረደ። አንዷ ፍየል ቀና አለች። ሰው ሳቀ፤ ምክንያቱም ፍየሏ ፍንጭት ነበረች። ፍየል የላይ የፊት ጥርስ የላትም ብሎ መምህሩ ተከራክሯት ነበር፤ እህቴ እምቢ ብላለች። ፍንጭቱ የእናቴ ነው።

«እኔ እንዳልሆንኩ» አለች ፍየሏ፣ «አንተም ታውቃለህ።»

ከብዙ ወር በኋላ የእናቴን ድምጽ ሰማሁ። ሻካራ ነው፣ ግን የእሷ ነው፤ መናኸሪያውን ሲሞላ የነበረው ያው ነው፣ አሁን ደግሞ አዳራሹን ሞላው። ሳቁ ቆመ። አባቴ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ሸርተት አለ፣ አቤት ሊል እንደሚነሳ ሰው። አልተነሳም። እናቴ ሌላውን እጇን የእጁ አንጓ ላይ አሳርፋ ወደ መጋረጃው ብቻ ታያለች። ነብሩ ዘለለ። ጨለመ። ሰው አጨበጨበ።

እኔ ያየሁት አፏን ነበር። ፍየሏ ሞተች፤ እንግዲህ ድምጹን መመለስ አለባት። «አሁንስ ተመለሰልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። እናቴ መዳፏን ራሴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

ያ ዓመት ሳያልቅ ሞተች። እህቴ ቀብር ላይ ከአክስቴ ጎን ቆመች፣ አባቴ ከሹፌሮቹ ጋር። ከዚያ በኋላ አንድ ጣራ ሥር አላየኋቸውም።

ስለ ሐኪሙ የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ። ያኔ አባቴ ቤት በዋለባቸው ሁለት ቀናት ሦስቱም ሐኪሙ ፊት ተቀምጠዋል፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቀዳ በኋላ፣ መስታወቱ ከመሰበሩ በፊት። ሐኪሙ «ነቀርሳ ነው፤ ከርሟል» አሉ። አባቴ «ማን አመጣባት?» ብሎ ጠየቀ። «ማይክራፎኑ ነው? አቧራው ነው? እኔ ነኝ እንዴ፣ በየቀኑ ሳስጮሃት?» ሐኪሙም «ማንም አላመጣባትም፤ በሽታ ነው» አሉት። «ማንም አላመጣባትም» የሚለውን ነው ያልቻለው፣ አለችኝ አክስቴ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ እንጂ አባትሽ አጥቶት አይደለም። ያውቅ ነበር።»

እናቴስ? የፍየሏን ቃል ስትቀዳ አባቴ ገና ምንም አላወቀም፣ እህቴም አልተባረረችም። አንዳንዴ ባሏን አስቀድማ ታውቀው ነበር እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ፍየል ስለሆነች ብቻ ያለችው ቃል ነው እላለሁ። ልጠይቃት አልችልም።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ጉልበቱ ከፔዳል ብዛት አልቋል። ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጥና «እስቲ ያን ክፈቺልኝ» ይለኛል፤ የእህቴን ፊልም ማለቱ ነው። ከእናቴ ድምጽ በእጁ የቀረው ያ ብቻ ነው፤ አንድ ቃል፣ እሱም በእሱ ላይ። ባለፈው ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ፍየሏ «አንተም ታውቃለህ» ስትል እሱ ቀስ ብሎ «አውቃለሁ» ሲል ሰማሁት።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። ሌላ ከተማ ናት፤ ለእኔ ትደውላለች፣ ስለ እሱ አትጠይቅም። «ብርድ ልብሱ ውስጥ መጨረሻ የቀዳነው የእሱን መኪና ስትጠራ ነው» አለችኝ። «‹ይሄን ለአባትሽ ስጪው› ብላኛለች። ይኸው እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ለፍየሏ ያላትን ለእኔ ይበለኝ፤ የዚያኑ ቀን እልክለታለሁ።»

ለአባቴ እንዳለችው ነገርኩት። «መኪናዬን?» አለ። «ለእኔ ብላ?» ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አቀበለኝ። ደወልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። እህቴ «ሄሎ» ስትል ለእኔም ተሰማኝ። አባቴ አፉን ከፈተ። «ሄሎ?» አለች እንደገና። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይኑ ሞላ፤ ከዚያ ስልኩን መልሶ ሰጠኝ።

«ድምጿ ቁርጥ የእናትሽ ሆኗል» አለ።

ስልኩን ሳየው ዘግታዋለች። አባቴ ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። «እስቲ ያን ክፈቺልኝ» አለ። ከፈትኩለት። ፍየሏ ቀና ብላ ያለችውን አለች፣ እሱም «አውቃለሁ» አላት፤ ነብሩ ግን እንደ ሁልጊዜው ዘለለ።